ባለስድስት ጎማዋን ታይረል ምን ገደላት?

ሴፕቴምበር 1975 ነው። ለንደን፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ ሆቴል ውስጥ ኬን ታይረል ጋዜጠኞችን ሰብስቧል። ፊት ለፊታቸው በሸራ የተሸፈነች የፎርሙላ ዋን መኪና ቆማለች። ከሸራው ሥር፣ ከፊት በኩል፣ የታጠፉ ሽቦዎች ገብተዋል። ለምን ቢባል፣ ከላይ ላያት ሰው እንደ ማንኛዋም መኪና ሁለት ትልልቅ የፊት ጎማ ያላት እንድትመስል ነው። ከዚያ ሸራው ተገፈፈ። ከፊት አራት ትንንሽ፣ ከኋላ ሁለት ግዙፍ ጎማዎች። ቀልድ የመሰለው ነበር። ለማስታወቂያ ብቻ የተሠራች፣ ውድድር የማትገባ የመሰለውም ነበር።

መኪናዋ ፒ34 ትባላለች፤ ፕሮጀክት 34 ማለት ነው። ውድድር ገባች፣ አሸነፈችም። ዛሬ ግን ፎቶዋ የሚዘዋወረው "የዓለማችን አስቂኝ መኪኖች" ከሚሉ ዝርዝሮች ጋር ነው። ይሄ አይዋጥልኝም። የውድድር ውጤቷን ቁጭ ብሎ ላየ ሰው ፒ34 የሚሳቅባት መኪና አይደለችም። ሐሳቧ ይሠራ ነበር፣ ውጤቱም ይመሰክራል። የገደላት ከፋብሪካዋ ግቢ ውጭ የሚሠራ አንድ ነገር ነው፦ ጎማ። ከዚያ ደግሞ ያንን ችግር እንሸፍናለን ብለው ባለቤቶቿ የወሰዱት እርምጃ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ኬን ታይረል ሀብታም ፋብሪካ የነበረው ሰው አይደለም። የእንጨት ነጋዴ ነበር። ቡድኑም የሚሠራው ሰሪ በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ፣ ኦካም መንደር ውስጥ ባለው የእንጨት ማከማቻ ግቢው ነው። ከዚያ ግቢ የወጡ መኪኖች ግን ጃኪ ስቱዋርትን በ1971 እና በ1973 የዓለም ሻምፒዮን አድርገውታል። መኪኖቹን የነደፈው ደሪክ ጋርድነር ነው። ዝምተኛ መሐንዲስ፣ ቀድሞ ፈርጉሰን በሚባለው ኩባንያ በአራቱም ጎማ የሚነዱ መኪኖች ላይ የሠራ። የመጀመሪያዋን የታይረል መኪና በምስጢር ያሰናዳት እቤቱ ነው።

1973 መጨረሻ ላይ ቡድኑ ክፉ ቀን መጣበት። ኦክቶበር ላይ ፍራንሷ ሴቨር በአሜሪካው ዋትኪንስ ግሌን ልምምድ ላይ ሞተ። ስቱዋርትም መቶኛ ውድድሩ ይሆን የነበረውን ትቶ ከዚያው ጡረታ ወጣ። በእነሱ ቦታ ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተርና ፈረንሳዊው ፓትሪክ ደፓዬ ገቡ። ሁለቱም ፈጣኖች ናቸው። ችግሩ ሞተሩ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። በዚያ ዘመን ፈራሪን ከመሳሰሉ ጥቂቶች በቀር ሁሉም ቡድን የሚገዛው አንድ ዓይነት ሞተር ነው፦ ባለ 3 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ኮስዎርዝ። ካምቢዮውም ከአንድ ቤት ነው፣ ከሂውላንድ። ጎማውም ያው የጉድዪር። ማክላረንም፣ ሎተስም፣ ታይረልም አንድ ሞተር ተሸክመው ይሮጣሉ። ፈራሪ ግን የራሱን ባለ 12 ሲሊንደር ይዞ በጉልበት ይበልጣቸዋል። በሞተር መብለጥ ካልተቻለ የሚቀረው ንፋስ ነው። ጋርድነርም ዓይኑን የጣለው እዚያ ላይ ነው።

ሐሳቡ ምን ነበር?

ብዙ ሰው "የፊት ጎማ ሲያንስ ንፋስ አይገታትም፣ ስለዚህ በቀጥታ መንገድ ትፈጥናለች" ይላል። ግማሽ እውነት ነው። የኋላ ጎማዎቹ እንደሆኑ ያው ግዙፍ ናቸው፣ ከፊት የተረፈውን ንፋስ እነሱ ይገቱታል። ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው።

ጣራም መከለያም የሌላት መኪና ላይ የፊት ጎማ ንፋስ ውስጥ ራቁቱን ይሽከረከራል። ንፋሱ ይመታውና በላዩ ተሻግሮ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ጎማው ወደ ላይ መነሳት ይፈልጋል። መኪናዋ ደግሞ ኩርባ ላይ መሬት መቆንጠጥ ነው የምትፈልገው። ስለዚህ አፍንጫዋ ላይ ክንፍ ይገጠምላትና ወደ ታች ይጫናታል። ክንፉ ራሱ ንፋስ ይገታል። አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ይጫናል፣ ሒሳቡ የሚከፈለው በፍጥነት ነው።

ደንቡ ከፊት ጎማ ቀድሞ ያለው አፍንጫ ከ150 ሴንቲ ሜትር እንዳይሰፋ ይላል። የተለመደው የፊት ጎማ ከዚህ ወርድ አልፎ በሁለቱም ጎን ይወጣል፣ አፍንጫው ሊጋርደው አይችልም። ጋርድነር ታዲያ እንዲህ አለ፦ ጎማውን አሳንሰን ከ150 ሴንቲ ሜትሩ አፍንጫ ጀርባ ብንደብቀውስ? ንፋሱ ከአፍንጫው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል፣ ጎማው መኪናዋን አያነሳትም፣ ትልቅ የፊት ክንፍም አያስፈልግም።

ብቻ ትንሽ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታም ትንሽ ነው። ኩርባ ላይ አይበቃም። መልሱ ቀላል ሆነ፦ ሁለት ካልበቃ አራት ይሁን። አራቱ ሲደመሩ መሬት የሚነኩበት ቦታ ከሁለቱ ትልልቆች ይበልጣል። በዚያ ላይ የፍሬን ዲስኩም ከፊት አራት ይሆናል፣ አያያዙም ያይላል። ጥሩ መሐንዲስ አንዱን ችግር ሲፈታ ሌላ ጥቅም ይወጣለታል የሚባለው ይሄኔ ነው።

የሌሎቹ መኪኖች የፊት ቸርኬ 13 ኢንች ነው። የፒ34 ግን 10። ከባጃጅ ቸርኬ ብዙም አይርቅም። እንዲህ ያለ የውድድር ጎማ ገበያ ላይ አልነበረም። ጉድዪር ለታይረል ብቻ ብሎ ሠራ። ይህቺን "ለታይረል ብቻ" የምትል ነገር ያዙልኝ።

ሥራው ግን ጣጣ ነበረበት። መጀመሪያ የሠሯት መኪና ከወገቧ ወደ ኋላ የታይረል የቀድሞ መኪና 007 ናት ማለት ይቻላል፤ ፊቷ ብቻ አዲስ። መሪው የሚያዞረው የፊተኞቹን ሁለት ጎማ ሲሆን፣ ከእነሱ ኋላ ያሉት ሁለቱ በዘንግ ተያይዘው አብረው ይዞራሉ። አራቱም የየራሳቸው ሞላና አሞርዛተር አላቸው። እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ያን ሁሉ ብረት ማስገባቱ የዋዛ አይደለም። ሌላም አለ። ሾፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ ትንንሾቹን ጎማዎች ማየት አልቻለም። ፎርሙላ ዋን ላይ ደግሞ ሾፌር ጎማውን ማየት አለበት፤ ኩርባው ጫፍ ላይ መኪናውን የሚያስቀምጠው በእሱ ነው፣ ጎማው ሲበላም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ምን አደረጉ? ኮክፒቱ (የሾፌሩ መቀመጫ) ግራና ቀኝ ላይ የምታስተላልፍ ትንሽ መስኮት ከፈቱ። የፒ34ን ፎቶ አቅርቦ ያየ ሰው ያቺን መስኮት ያገኛታል። እኔ ከስድስቱ ጎማ ይልቅ የምወዳት እሷን ነው።

የ1976 ዓመት

የመጀመሪያ ውድድሯ ሜይ 2 ቀን 1976 በስፔን ጃራማ ነው። አንድ መኪና ብቻ ደርሶ ነበርና ደፓዬ ያዛት። በማጣሪያው 3ኛ ወጣ። ሳቁ እዚያ ጋ ቆመ። ውድድሩ ላይ ግን ፍሬኗ ከዳውና ከመንገድ ወጣ። ትንሽ ቸርኬ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ ዲስክ ንፋስ አያገኝም፣ ቶሎ ይግላል። ይሄ በሽታ ዕድሜ ልኳን አልለቀቃትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሼክተር በቤልጅየም 4ኛ ሆነ። ከዚያ ሞናኮ፦ ላውዳ በፈራሪ አንደኛ፣ ሼክተር 2ኛ፣ ደፓዬ 3ኛ። ያን የመሰለ ጠባብ ከተማ ውስጥ ሁለቱም ባለስድስት ጎማ መኪኖች ሽልማት መድረኩ ላይ ወጡ።

ጁን 13 ቀን ስዊድን፣ አንደርስቶርፕ። እዚህ ትንሽ እንቆይ። አንደርስቶርፕ ረግረግ ላይ የተሠራ ሜዳ ነው። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ እውነተኛ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ነው፣ ከውድድሩ ውጪ አውሮፕላን ያርፍበታል። መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ኩርባዎቹ ደግሞ ረጃጅም ናቸው፤ መሪውን አዙረህ እንደያዝክ ትቆያለህ። እንዲህ ያለ ኩርባ ላይ የብዙ መኪና አፍንጫ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ "አልዞርም" ይላል። ከፊት አራት ጎማ ላላት መኪና ግን ሠርግና ምላሽ ነው።

ሼክተር በማጣሪያው አንደኛ ወጣ። ውድድሩ ሲጀመር ግን ማሪዮ አንድሬቲ በሎተስ ተፈትልኮ መምራት ያዘ። ቸኩሎ ኖሯል። ምልክቱ ሳይሰጥ ተንቀሳቅሷል ተብሎ አንድ ደቂቃ ቅጣት ተጣለበት። እሱ ግን መሮጡን ቀጠለ፤ ያቺን አንድ ደቂቃ ለማካካስ ሞተሩን አላስተረፈውም። ከውድድሩ ግማሽ ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለታይረል ተለቀቀ፦ ሼክተር አንደኛ፣ ደፓዬ ሁለተኛ፣ ላውዳ ሦስተኛ። በፎርሙላ ዋን ታሪክ ባለስድስት ጎማ መኪና ያሸነፈችው ያን ቀን ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1974፣ እዚያው አንደርስቶርፕ ላይ እነዚሁ ሁለት ሰዎች በዚሁ ተራ፣ በባለአራት ጎማዋ 007 አንደኛና ሁለተኛ ወጥተው ነበር። ስለዚህ ድሉን ሁሉ ለስድስቱ ጎማ መስጠት ይከብዳል። ሜዳው ራሱ ታይረልን ይወድ ነበር።

ግን ሌላ ቦታስ? ደፓዬ በፈረንሳይ 2ኛ፣ ሼክተር በእንግሊዝ 2ኛ። ጀርመን ኑርበርግሪንግ ላይ፣ ላውዳ በተቃጠለበት በዚያ ክፉ ቀን፣ ሼክተር 2ኛ ሆነ፤ የዕለቱን ፈጣን ዙር የነዳውም እሱ ነው። ኑርበርግሪንግ ደግሞ ከ20 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ የሚያዘልል፣ ዳገትና ቁልቁለቱ የማያልቅ መንገድ ነው። "ይህቺ መኪና ለጥ ያለ መሬት ላይ ብቻ ነው የምትሮጠው" ለሚሉ ይሄን አስታውሱልኝ።

ካናዳ ሞስፖርት ላይ ደፓዬ የማክላረኑን ሾፌር ጀምስ ሃንትን አንገት ለአንገት ሲያሳድደው ቆይቶ ድንገት ወደ ኋላ ቀረ። ነዳጅ ኮክፒቱ ውስጥ ይረጭ ነበር። በቤንዚን ሽታ ግማሽ ሰክሮ፣ ልብሱ ረጥቦ ጨረሰ። ያም ሆኖ 2ኛ። ዓመቱ መጨረሻ ላይ በጃፓን ፉጂም እንዲሁ 2ኛ ሆነ።

ድምሩ ይህን ይመስላል። ሼክተር 49 ነጥብ ይዞ በዓለም 3ኛ፣ ደፓዬ 39 ይዞ 4ኛ። ከእነሱ በላይ ያሉት ሃንትና ላውዳ ብቻ ናቸው። በቡድን ፈራሪ 83፣ ማክላረን 74፣ ታይረል 71። አራተኛው ሎተስ 29 ነው። የተወሰነው ነጥብ ዓመቱ ሲጀመር በ007 የተገኘ ነው፤ ቢሆንም ፒ34 ሜይ ላይ ብቅ ብላ ይሄን ማድረጓ ቀላል አይደለም።

ሁለቱ ሾፌሮች ግን ስለ እሷ አይስማሙም ነበር። ደፓዬ በፍቅር ከንፏል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱ ነው። ሼክተር አልወደዳትም፣ አልደበቀም። ቅሬታው ተጨባጭ ነው። ፍሬን ስትይዝ ከአራቱ የፊት ጎማዎች አንዷ ጉብታ መትታ ከመሬት ብትነሳ ወዲያው ትቆለፋለች፤ ያኔ እግርህን ማላላት አለብህ፣ ያ ሁሉ የፍሬን ጥቅም ከንቱ ይሆናል። ኦስትሪያ ላይ ደግሞ የመኪናዋ ብረት ተሰብሮ በከፍተኛ ፍጥነት ተጋጭቷል። ዓመቱ ሲያልቅ ሼክተር ዎልፍ ወደሚባል አዲስ ቡድን ሄደ። ጃንዋሪ 1977 አርጀንቲና ላይ የመጀመሪያውን ውድድር አሸነፈ። በአራት ጎማ።

ጎማው

አሁን ወደ ነገሩ ብልት እንግባ።

በዚያን ጊዜ የጉድዪር ሰዎች በየወሩ ማለት ይቻላል የጎማቸውን ላስቲክ ያሻሽላሉ። ለስላሳ ያደርጉታል፣ ያጠነክሩታል፣ የጎኑን አሠራር ይለውጣሉ። ሲሞክሩ የሚሞክሩት ግን ሁሉም ቡድን በሚጠቀምበት መጠን ነው፦ 13 ኢንች የፊት ጎማና ትልቁ የኋላ ጎማ። ባለ 10 ኢንቹን የሚጠቀም አንድ ቡድን ብቻ ነው። ለአንድ ደንበኛ ብሎ ማን ላቦራቶሪ ይከፍታል? ማንም ጎሚስታ ይገባዋል ይሄ።

ስለዚህ እንዲህ ሆነ። የታይረል የኋላ ጎማ እንደ ሁሉም ሰው ጎማ እየተሻሻለ ሄደ። የፊቱ ባለበት ቆመ። መኪና ደግሞ ሚዛን ናት። የኋላው መሬት እየቆነጠጠ፣ የፊቱ ካልተከተለው አፍንጫዋ አልዞር ይላል። ፊቷ እንዲቆነጥጥ ተብላ የተፈጠረች መኪና በፊቷ ደካማ ሆነች። ትንሽ ጎማ በዚያው ፍጥነት ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል፣ ይበልጥ ይግላል፤ እንዲያውም ከሌላው የበለጠ ክትትል የሚፈልገው እሱ ነበር። ጁላይ 1977 ላይ ሬኖ የሚሽሊንን ጎማ አድርጎ ሲልቨርስቶን ብቅ አለ። ጉድዪር ተቀናቃኝ መጣበት። ከዚያ በኋላ ለታይረል ትንንሽ ጎማ የሚጨነቅበት ምክንያት ጨርሶ አልነበረውም ብዬ ነው የማምነው።

ታይረል ቤት ዝም ብለው አልተቀመጡም። ካርል ኬምፕፍ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሰው አምጥተው መኪናዋ እየሮጠች መረጃ የሚመዘግብ መሣሪያ ገጠሙባት። ዛሬ ፎርሙላ ዋን ያለዚህ አይነቃነቅም፤ ያኔ ግን አዲስ ነገር ነው። የሼክተርን ቦታ የያዘው ስዊድናዊው ሮኒ ፒተርሰን ነበር፣ ከዘመኑ ፈጣኖች አንዱ። ስፖንሰርም አዲስ መጣ፣ ፈርስት ናሽናል ሲቲ ባንክ። ቀለሟም ነጭ ተቀላቀለበት። መኪናዋ ግን ከበደች።

ከዚያ ያ እርምጃ መጣ። የፊቱ ጎማ አልቆነጥጥ ካለ፣ ግራና ቀኙን እናራርቀው ተባለ። መሐንዲሶች የሚያደርጉት ነገር ነው፣ ኩርባ ላይ ይረዳል። ጎማዎቹ ወደ ውጭ ተገፉ። ወደ ውጭ ሲገፉ ግን ከ150 ሴንቲ ሜትሩ አፍንጫ ጥላ ወጡ። ንፋሱ እንደገና መታቸው።

ልብ በሉ። መኪናዋ የተፈጠረችው ጎማ ከአፍንጫ ጀርባ ለመደበቅ ነው። ስድስት ጎማ የመጣው፣ የፍሬኑ ጣጣ የመጣው፣ የመሪው ውስብስብ ዘንግ የመጣው ለዚያች አንድ ጥቅም ሲባል ነው። አሁን ያቺን ጥቅም አውጥተው ጣሏት፤ ጣጣው ግን በሙሉ ቀረ። የ1977ቷ ፒ34 የራሷን ምክንያት ያጣች መኪና ናት። ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ነው። ጎማው አቆሰላት፣ ይሄ ውሳኔ ደግሞ ጨረሳት። በእርግጥ ሌላ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ጎማ መሥራት አይችሉም። እንጨት ግቢ ውስጥ ላስቲክ አይቀቀልም።

ውጤቱን ቶሎ ብለን እንለፈው። ደፓዬ በደቡብ አፍሪካ 3ኛ፣ ፒተርሰን በቤልጅየም 3ኛ፣ ደፓዬ በካናዳ 2ኛ፣ በጃፓን 3ኛ። ያ ነው። ቡድኑ 27 ነጥብ ብቻ ይዞ ወደ 6ኛ ወረደ። ፒተርሰን ዓመቱን ሙሉ ያገኘው 7 ነጥብ ነው።

ኦክቶበር 23 ቀን 1977 ፉጂ ላይ የመጨረሻ ውድድሯን አደረገች። አሟሟቷም አላማረ። ጂል ቪልኔቭ በፈራሪ ከኋላ መጥቶ ከፒተርሰን ታይረል ጋር ተጋጨ። ፈራሪው ተነሥቶ በረረና ሰው እንዳይቆምበት በተከለከለ ቦታ ላይ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ሞቱ።

ጋርድነር ያን ጊዜ ቡድኑን ትቶ ሄዷል። ፎርሙላ ዋንን ትቶ ወደ መኪና ካምቢዮ ሥራው ተመለሰ። በቦታው የመጣው ሞሪስ ፊሊፕ ባለአራት ጎማ 008ን ሠራ፤ ደፓዬ በእሷ ሜይ 1978 ሞናኮን አሸነፈ። በሕይወቱ የመጀመሪያው የግራንድ ፕሪ ድል ነው። ፒ34ን ከማንም በላይ የወደደው ሰው በእሷ አንድም ቀን አላሸነፈም።

የቀሩት

ሐሳቡን ሌሎችም ነክተውታል፣ ግን ገልብጠው። ማርች የሚባለው ቡድን በ1976 መጨረሻ አራቱን ጎማ ከኋላ አደረገ። ዊልያምስም በ1982 እንዲሁ ሠርቶ ሞከረ። የእነሱ አካሄድ ብልህነት ነበረው፤ አራቱም የኋላ ጎማ በመጠኑ ከተለመደው የፊት ጎማ ጋር እኩል ነው። ማለትም ጉድዪር ዘንድ ያለ ጎማ። ለአንድ ቡድን ብቻ የሚሠራ ነገር አይለምኑም። የታይረልን ቁስል አይተው የተማሩ ይመስላል። ሁለቱም ግን ግራንድ ፕሪ ሳይገቡ ቀሩ። ከ1983 ጀምሮ ደንቡ አራት ጎማ ብቻ አለ።

ፒ34 ግን እንደገና ሜዳ ገባች። የድሮ ፎርሙላ ዋን መኪኖች የሚወዳደሩበት ውድድር አለ፣ እዚያ። በ1999 እና በ2000 አንዷ ፒ34 ታድሳ ስትመጣ መጀመሪያ የተፈለገው ያው ጎማ ነበር። አቮን የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ባለ 10 ኢንች ጎማ በልክ ሠራላት፣ በዘመኑ ላስቲክ። ሾፌሩ ማርቲን ስትሬተን በ2000 የዚያን የታሪካዊ መኪኖች ውድድር ሻምፒዮንነት በእሷ ወሰደ። የፊቱ አራት ጎማዎች ከኋላዎቹ እኩል ሲሻሻሉ፣ አብረዋት ከሮጡት ባለአራት ጎማ መኪኖች ቀደመች።